አካባቢያዊ የሙዚቃ ጉባኤ እንዴት ይዘጋጃል? ጥያቄና መልስ

የአንድን አካባቢ ሙዚቀኞች፣ ስቱዲዮዎች፣ የመድረክ ባለቤቶችና ፕሮሞተሮች በአንድ ጣራ ሥር ስለሚያገናኝ ጉባኤ የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ የተሰጡት በዝግጅት፣ በድምፅ ሥራና በመብት ጉዳይ በቆየ ባለሙያ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም። ስድስት ሆነን ለአካባቢያችን ሙዚቀኞች የሁለት ቀን ጉባኤ ልናዘጋጅ ነው። አዳራሽ ከመፈለግ እንጀምር ወይስ እንግዳ ከመጋበዝ?

መልስ፦ ከሁለቱም በፊት አንድ ገጽ ጻፉ። በሁለተኛው ቀን ማታ ማን ምን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል? «ሙዚቀኞች ልምድ ይለዋወጣሉ» የሚል መልስ አይበቃም። «40 ዘፈኖች የተፈረመ የድርሻ ስምምነት ይኖራቸዋል፣ 10 ባንዶች የመድረክ ወረቀታቸውን (የአቋቋም ንድፍና የቻናል ዝርዝር) ጨርሰው ይወጣሉ፣ አምስት የመድረክ ባለቤቶች በጋራ የፕሮግራም ሰሌዳ ይስማማሉ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ስንት ጠረጴዛ፣ ስንት ባለሙያና ምን ዓይነት አዳራሽ እንደሚያስፈልግ ከዚያው ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1967 በካን የተጀመረው ሚደም፣ በ1987 በኦስቲን የተጀመረው ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት፣ በ1994 በበርሊን የተጀመረው ዎሜክስ ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ጉባኤዎች ናቸው፤ ስፋታቸው የተለያየ ነው። ቅርጻቸው ግን ይቀራረባል፤ ቀን ውይይትና ቀጠሮ፣ ማታ አጫጭር ትርዒት። ቅርጹን ውሰዱ፤ ስፋቱ ይቆያችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሰው ይበቃል፤ የዝግጅት ጊዜውም ከስድስት ወር ባያንስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከ150ው ስንቱ ሙዚቀኛ ይሁን?

መልስ፦ ብዙ ጉባኤ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። 140 ድምፃዊና ሦስት የመድረክ ባለቤት ከተጠራ ሦስቱ ገና በመጀመሪያው የሻይ ሰዓት ሰው ከቧቸው መተንፈሻ ያጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ አታገኟቸውም። ቢያንስ ለአራት ሙዚቀኛ አንድ ሥራ ሰጪ ይኑር፦ የመድረክ ባለቤት፣ ፕሮሞተር፣ የሬዲዮ አዘጋጅ፣ የፊልምና የማስታወቂያ ሠሪ። እነዚህን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ የሙዚቀኞችን ምዝገባ ከዚያ ክፈቱ።

ጥያቄ፦ የመድረክ ውይይቶች ሁሌም ይሰለቻሉ። በምን እንተካቸው?

መልስ፦ በቀን ከአንድ በላይ አታድርጉ፤ እሱም ከሦስት ተናጋሪና ከአንድ አወያይ አይብለጥ። የቀረውን ሰዓት ለጠረጴዛ ስጡት። ስምንት ጠረጴዛ፣ በእያንዳንዱ አንድ ባለሙያና ከሰባት የማይበልጡ ተሳታፊዎች፣ ለአንድ ዙር 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ደወል። ባለሙያው ይቀመጣል፣ ተሳታፊው ይዞራል። አንዱ ጠረጴዛ ስለ ውል፣ አንዱ ስለ ድርሻ ስምምነት፣ አንዱ ስለ ሚክስ (የተቀረጹ ድምፆችን ስለ ማመጣጠን)፣ አንዱ ስለ መድረክ ቴክኒክ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጎን የ10 ደቂቃ የአንድ ለአንድ ቀጠሮ አስቀምጡ። ዝርዝሩ ከሳምንት በፊት ለሁለቱም ወገን ይድረስ። በየአራት ቀጠሮው መሀል አንድ ባዶ የ10 ደቂቃ ቦታ ካልተዋችሁ አንዱ ሲዘገይ የቀኑ ሰልፍ በሙሉ ይዛነፋል።

ጥያቄ፦ በእኛ ዘንድ ትልቁ ችግር የድርሻ ክፍፍል ነው። ዘፈን ሲወጣ ሁሉም ወዳጅ ነው፣ ገንዘብ ሲመጣ ጠብ ይነሣል። ጉባኤው ለዚህ ምን ሊፈይድ ይችላል?

መልስ፦ ለእኔ ከጠቅላላው ጉባኤ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነውና ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አንድ የወጣ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። አንዱ ድርሰቱ፣ ማለትም ግጥሙና ዜማው ነው። ሌላው ቀረጻው፣ ማለትም ማስተሩ ነው። የሁለቱ ባለቤቶች አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፣ ገንዘቡም በየራሱ መንገድ ይመጣል። ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሁለቱ በአንድ «ፐርሰንት» ስለሚጠሩ ነው። ዜማ ደራሲው «30 ተባብለናል» ሲል ስለ ድርሰቱ ያስባል፣ ፕሮዲውሰሩ ስለ ማስተሩ።

ስለዚህ ቅጹ አንድ ገጽ ይሁን፣ በላዩ ግን ሁለት ሰንጠረዥ ይኑር። ከላይ የዘፈኑ ርዕስ፣ ሌላ መጠሪያ ካለው እሱም፣ ቀኑ። በየረድፉ ሕጋዊ ሙሉ ስም፣ የመድረክ ስም፣ ሚና፣ ድርሻ በመቶኛ፣ አባል የሆነበት የመብት ማኅበር (ለባለመብቶች ክፍያ የሚሰበስብ)፣ ፊርማ። የእያንዳንዱ ሰንጠረዥ ድምር ልክ 100 መሆን አለበት። ሦስት ሰው እኩል ሲካፈል 33.33 በየስማቸው ይጻፍና 99.99 ይመጣል፤ ለአንዱ 33.34 ጻፉለት። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን አመልካቾች የጠየቁት ድርሻ ድምር ከ100 ሲያልፍ ማኅበራት ክርክሩ እስኪፈታ ክፍያውን ይዘው ማቆየታቸው የተለመደ ነው፤ ቅጹ ላይ ያልታረመች ቁጥር ወራት ልታስጠብቅ ትችላለች።

አቀናባሪው በአንድ ጊዜ ክፍያ የሠራ ከሆነ ክፍያው በድርሻ ፋንታ ነው ወይስ ከድርሻ በተጨማሪ? ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በቅጹ ግርጌ ጻፉት። ላልተገኘ ሰው ማንም አይፈርምለት፤ ረድፉ ክፍት ይቆይና ስልክ ይደወልለት። ቅጹ በየሰው አንድ ቅጂ ይታተም፣ ፎቶውም ለሁሉም ይላክ።

በጉባኤው ላይ እንዲህ አድርጉት፦ በምዝገባ ወቅት ተሳታፊው አንድ ያልተፈረመበት ዘፈንና አብረውት የሠሩትን ሰዎች ይዞ እንዲመጣ ጠይቁ። ጠረጴዛ ላይ አስታራቂ ባሕርይ ያለው ሰው ይቀመጥ፤ የሕግ ባለሙያው ቢጠሩት በሚሰማበት ርቀት ይሁን እንጂ መጀመሪያ እሱ አይናገር። ሕግ ቀድሞ ሲነሣ ሰው ወደ መከላከል ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ቢቱን (ተሠርቶ የተዘጋጀውን የዘፈን ሙዚቃ) ከኢንተርኔት የገዛውስ? ድርሻ ይሰጣል?

መልስ፦ የሚወስነው የፈቃዱ ጽሑፍ ነው፤ ብዙዎች ሳያነቡት ይቀራሉ። ርካሹ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ ለብቻ አይሰጥም፤ ያንኑ ቢት ሌላ ሰውም ይዘፍንበታል። ብዙ ጊዜ የመደመጥ ብዛት ገደብ አለው፤ ከድርሰቱም የተወሰነ ድርሻ ለሠሪው ያስቀራል። እንዲህ ባለ ቢት የተሠራ ዘፈን በዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ (የተመዘገበን ድምፅ በሌሎች ቪዲዮዎች ውስጥ ፈልጎ በሚይዝ ሥርዓት) መመዝገብ የለበትም። ሥርዓቱ የሌሎቹንም ዘፈን «የእኔ ነው» ብሎ ይይዛል፤ አቤቱታውም ወደ እናንተ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ አይ ኤስ አር ሲ እና አይ ኤስ ደብልዩ ሲ ምንድን ናቸው? አከፋፋያችን (ዘፈናችንን ወደ ኢንተርኔት መደብሮች የሚያደርሰው ድርጅት) ሲቀየር ሁሉም ነገር ጠፋብን።

መልስ፦ አይ ኤስ አር ሲ የቀረጻው መታወቂያ ነው፤ 12 ምልክት አለው፦ ሁለት ፊደል መነሻ፣ ሦስት ምልክት ለመዝጋቢው፣ ሁለት አሃዝ ለዓመቱ፣ አምስት አሃዝ ለተራ ቁጥሩ። አይ ኤስ ደብልዩ ሲ የድርሰቱ መታወቂያ ነው። አንድ ድርሰት አምስት ጊዜ ቢቀረጽ አንድ የድርሰት ቁጥርና አምስት የቀረጻ ቁጥር ይኖረዋል። ሪሚክስና የመድረክ ቅጂ አዲስ የቀረጻ ቁጥር ይወስዳሉ። ነጠላ ሆኖ የወጣው ያው ቀረጻ አልበም ውስጥ ሲገባ ግን በድሮው ቁጥር ይቀጥላል።

እናንተ ላይ የደረሰው፣ አዲሱ አከፋፋይ አዲስ ቁጥር ሰጥቷችሁ ሳይሆን አይቀርም። የድሮውን ቁጥር፣ ያንኑ የድምፅ ፋይልና ያንኑ ርዕስ አስገቡ፤ አዲሱ ወጥቶ እስኪታይ የድሮውን አታስወርዱ። ቁጥሮቻችሁን ዛሬውኑ ከአከፋፋዩ ገጽ ገልብጣችሁ በራሳችሁ ሰንጠረዥ አኑሩ።

ሌላው የስም አጻጻፍ ነው። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ስም ወደ ላቲን ሲገለበጥ «ጸ»ን አንዱ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፤ «ጥ»ና «ቅ»ም እንደዚሁ። አንድ ድምፃዊ ሦስት ገጽ ይወጣለታል፣ አድማጩም ይበተናል። በጉባኤው ምዝገባ ቅጽ ላይ «ስምህ በላቲን እንዴት ይጻፋል?» የሚል ቦታ ይኑር፤ ከዚያ በኋላ ፖስተሩም መታወቂያውም በዚያው ይታተም።

ጥያቄ፦ ማታ አምስት ባንድ እናቀርባለን። ሰዓት እንዳይዘበራረቅ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ትርዒት፣ 15 ደቂቃ ቅያሪ ያዙ። ድራም፣ የቤዝ አምፕ፣ ሁለት የጊታር አምፕና ኪቦርድ የጋራ ይሁኑ። ድራመሩ ስኔሩን፣ ሲምባሎቹንና የቤዝ ድራም ፔዳሉን፣ ጊታሪስቱ ኬብሉንና ፔዳሎቹን ይዞ ይምጣ። ይህ በጽሑፍ ካልደረሳቸው ማታ አንድ ሲምባል ፍለጋ ይዞራል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከእያንዳንዱ ባንድ ሁለት ነገር ተቀበሉ፦ ማን የት እንደሚቆም የሚያሳይ ንድፍ፣ እና የቻናል ዝርዝር (ሚክሰሩ ላይ የሚሰኩት መሣሪያዎችና ማይኮች)። ኪቦርድ ስቴሪዮ ከሆነ ሁለት ቻናልና ሁለት ዲ አይ ቦክስ (የመሣሪያውን ድምፅ ለሚክሰሩ የሚያስማማ ሳጥን) ይወስዳል። ኤሌክትሪኩን ከሚክሰሩ የሚወስድ ኮንደንሰር ማይክ ወይም አክቲቭ ዲ አይ ካለ 48 ቮልት የሚበራበት ቻናል ምልክት ይደረግበት።

ሳውንድ ቼክ (ከትርዒቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ፍተሻ) ከኋላ ወደ ፊት ይሠራል፤ መጨረሻ የሚጫወተው መጀመሪያ ይፈትሻል፣ መጀመሪያ የሚጫወተው መጨረሻ። ያኔ በር ሲከፈት መድረኩ ለመጀመሪያው ባንድ እንደተዘጋጀ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ድምፃዊው ወደ መድረኩ ጫፍ ሲወጣ ማይኩ ያፏጫል።

መልስ፦ ዋናው ስፒከር ከድምፃዊው ኋላ ቀርቶ ከሆነ ወደ ፊት አውጡት፤ ማይኩ የራሱን ድምፅ መልሶ እንዳይሰማ። ቀጥሎ እጁን ተመልከቱ። ብዙ ድምፃውያን የማይኩን ጭንቅላት በመዳፋቸው ይጨብጣሉ። ካርዲዮይድ ማይክ (በዋናነት ከፊቱ የሚሰማ) ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀንሰው ከወንፊቱ ጎንና ኋላ ባሉት ክፍተቶች ነው፤ መዳፍ ሲደፍናቸው ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፣ ሞኒተሩንም (ድምፃዊው ራሱን የሚሰማበትን የመድረክ ስፒከር) ያነሣል። ከአንገቱ በታች ይያዝ። የካርዲዮይድ ማይክ ሞኒተር በቀጥታ ከማይኩ ጀርባ ይቀመጥ፤ ሃይፐርካርዲዮይድ (ፊቱን ይበልጥ አጥብቦ የሚሰማ) ከሆነ ግን ከኋላ ወደ ጎን ዘወር ይበል፣ ምክንያቱም ቀጥታ ከኋላው ጥቂት ይሰማል።

ስፒከሩ ዝም ብሎ የሚያጉረመርም ከሆነ የዲ አይ ቦክሱን ግራውንድ ሊፍት (በሳጥኑ ላይ ያለውን የሲግናል መሬት ማላቀቂያ) ሞክሩ። የኤሌክትሪክ መሰኪያውን የመሬት ሽቦ ግን ማንም አይቁረጥ፤ ሰው ይሞታል። መብራቱና ድምፁም ከተለያየ መስመር ይሳቡ።

ለጆሮም አስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ያወጣው ጣሪያ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው። መለኪያው ሚክሰሩ አጠገብ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ በጀት አነስተኛ ነው። ባንዶቹ በነጻ ቢጫወቱ ክፋት አለው?

መልስ፦ አለው። ሙዚቃ እንጀራ እንዲሆን የተጠራ ጉባኤ ሙዚቀኛውን ሳይከፍል ከሸኘ፣ የተቀመጡት የመድረክ ባለቤቶች ያንኑ ይማራሉ። አምስቱን ባንድ መክፈል ካልቻላችሁ ሦስት ብቻ ጋብዙ። ክፍያው፣ የሚከፈልበት ቀን፣ መጓጓዣውና የሳውንድ ቼክ ሰዓቱ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ትርዒቱን መቅረጽና በኢንተርኔት ማሰራጨት የተለየ ፈቃድ ነው፤ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ይገለጽ። ከጠቅላላው በጀት 10 በመቶ ለድንገተኛ ወጪ ሳይነካ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ እኔ ተሳታፊ ነኝ። ምን ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ ሁለት ዘፈን ብቻ፣ የበለጠው ቀድሞ። 24 ቢት ማስተሩ በፍላሽ፣ ለማዳመጫ ደግሞ 320 ኪሎቢት ኤም ፒ 3 በስልክሽ ይኑር። የእያንዳንዱን ዘፈን የዘፋኝ ድምፅ የሌለበት፣ ሙዚቃው ብቻ ያለበት ቅጂ አሠሪ፤ የፊልምና የማስታወቂያ ሰዎች ቀድመው የሚጠይቁት እሱን ነው፣ ሚክሱ በተሠራ ዕለት ካልወጣ በኋላ ፕሮጀክቱ ይጠፋል። የሦስት ደቂቃ የመድረክ ቪዲዮም ጨምሪ፤ የመድረክ ባለቤት ከክሊፕ ይልቅ እሱን ያምናል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሲበተን ነገሩ እንዳይቀዘቅዝ?

መልስ፦ በሦስት ቀን ውስጥ የተገናኙት ሰዎች ስምና አድራሻ፣ በፈቃዳቸው፣ ለሁሉም ይላክ። በ30ኛው ቀን የተፈረሙትን ቅጾች ቁጠሩ፤ ያልተፈረሙትን ደውላችሁ ጠይቁ። በ90ኛው ቀን የመድረክ ባለቤቶቹን ብቻ መልሳችሁ ሰብስቡ።

ለዚያ ስብሰባ አንድ ሰሌዳ ይዘጋጅ። በቅርብ ያሉ ሦስት ከተሞች መድረኮች ተነጋግረው አንዱ ሐሙስ፣ አንዱ ዓርብ፣ አንዱ ቅዳሜ ያንኑ ባንድ ቢያስተናግዱ የመጓጓዣው ወጪ ለሦስት ይከፈላል፣ ባንዱም ለአንድ ምሽት ተነሥቶ አይመለስም። ቅደም ተከተሉ በመንገዱ አቅጣጫ ይሁን። ከሦስቱ አንዱ ቢሰርዝ የቀሩት ሁለቱ የመጓጓዣውን ወጪ እንዴት እንደሚሸፍኑ በዚያው ዕለት ተስማምተው ይፈርሙ።