መቶ ሺህ ፖይንት ስንት ሌሊት ያስተኛል?

ሰሞኑን ከአሜሪካ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ካርዱን ስታወጡ ይህን ያህል ሺህ ፖይንት እንሰጣችኋለን ስለሚሉት የሆቴል ክሬዲት ካርዶች። ፖይንቱ በገንዘብ ፋንታ ለሆቴል ክፍል የሚከፈል ነው። የቦነሱ መጠን በየጊዜው ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ እዚህ የምጠቅሳቸውን የቦነስ ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ ብቻ ውሰዷቸው። ከማመልከታችሁ በፊት የዕለቱን እዩ።

የሂልተኑ ካርድ 100 ሺህ ፖይንት ይሰጣል፣ የሃያቱ 60 ሺህ። ባለቤቴ ሃያት ይሻላል ትላለች። እኔ ደግሞ መቶ ከስልሳ እንደሚበልጥ የተማርኩት አንደኛ ክፍል ነው። ማን ነው ልክ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ባለቤትህ ናት። 100 ብርና 60 ዶላር ቢዘረጉልህ የትኛውን እንደምታነሳ አልጠይቅህም። የሆቴል ፖይንትም እንደዚያው ነው። ሁሉም ፖይንት ይባላል እንጂ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ገንዘብ ያትማል።

በግርድፉ ስታሰላው አንድ የሂልተን ፖይንት ግማሽ ሴንት አካባቢ ነው። የሆሊደይ ኢን ባለቤት የአይኤችጂም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የማሪየት ፖይንት (ቦንቮይ ይሉታል) ከ0.7 እስከ 0.8 ሴንት ገደማ ያወጣል። የሃያት አንድ ሴንት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ መቶ ሺው ወደ 500 ዶላር፣ ስልሳ ሺው ወደ 900 ዶላር ይጠጋል።

እዚህ ላይ ግን አትቁም። ይህ አማካይ ነው፤ አንተ ደግሞ አማካይ ሆቴል ውስጥ አትተኛም። ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ መቶ ሺህ የሚል ቁጥር በትልቁ የታተመበት ፖስታ ይዞ ቤቴ መጣ። ቡናው እስኪፈላ የሆቴሉን አፕ ከፈትንና ልጁ የምትመረቅበትን ከተማና ቀን አስገባን። ክፍሉ ታክሱን ጨምሮ 195 ዶላር ነው። በፖይንት 45 ሺህ። 195ን ለ45 ሺህ ስናካፍል 0.43 ሴንት መጣ። ጓደኛዬ ፖስታውን አየ፣ እኔን አየ። «ሁለት ሌሊት ነው እንግዲህ?» አለኝ። አዎ፣ ሁለት ሌሊትና አሥር ሺህ ትርፍራፊ። 390 ዶላር መጥፎ አይደለም። ፖስታው ላይ ያለው ቁጥር ግን ከዚያ በላይ ያስመኛል።

አንተም እንደዚያው አድርግ። በእርግጥ የምትሄድበትን ከተማና ቀን አስገባ። ታክሱን የጨመረውን ዋጋ ለፖይንቱ አካፍል። አሜሪካ ውስጥ በፖይንት ለተያዘ ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ የክፍል ታክስ ስለማይከፈል ታክሱን አትርሳው። ሪዞርት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሂልተንና ሃያት በፖይንት ለሚያድር ሰው የሪዞርት ፊ (ሪዞርቶች ከክፍሉ ዋጋ ሌላ በየሌሊቱ የሚጨምሩት ክፍያ) አያስከፍሉም፣ ማሪየት ያስከፍላል።

በሌላ ጊዜ 130 ዶላር ሆቴል የምታድር ሰው ከሆንክ ደግሞ ፖይንትህን 600 ዶላር ክፍል ላይ ጨርሰህ «600 ዶላር አተረፍኩ» አትበለኝ። ከኪስህ ልትከፍል የነበረው 130 ነው፤ የተረፈህም እሱ ነው። ሌላው ሽርሽር ነው። ሽርሽር አልጠላም፣ ግን ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

ለባለቤትህም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሃያት ሆቴሎች ከማሪየትና ከሂልተን በቁጥር በጣም ያንሳሉ። የምትሄዱበት ከተማ ሃያት ከሌለው ስልሳ ሺው ወረቀት ነው። ከቦነሱም የተወሰነው ክፍል የሚሰጠው በካርዱ ብዙ ሺህ ዶላር ካወጣችሁ በኋላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ትንንሹን ጽሑፍ አንብቡት።

በየዓመቱ ለጁላይ ኳስ እንሄዳለን። አምስት ነፃ ሌሊት የሚሰጠውን የማሪየት ካርድ ባወጣ ሳምንቱን አልጨርሰውም? (ከዴንቨር)

የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚያዘጋጀው ኳስ ሰሞን የሆቴል ዋጋ ምን እንደሚሆን አንቺም እኔም እናውቃለን። ችግሩም እዚያው ነው። ማሪየት ቋሚ የፖይንት ዋጋ የለውም። የዶላሩ ዋጋ ሲወጣ ፖይንቱም አብሮት ይወጣል።

አምስቱ ሌሊት ደግሞ ፖይንት አይደሉም፤ ሰርተፊኬት ናቸው። እያንዳንዱ እስከ 50 ሺህ ፖይንት የሚያስከፍል ክፍል ይይዝልሻል። ከራስሽም የተወሰነ ፖይንት መጨመር ትችያለሽ፣ እሱም ጣሪያ አለው። በኳሱ ሳምንት መሀል ከተማ ያለው ሆቴል ከዚያ ጣሪያ ካለፈ ሰርተፊኬቱ ምንም አይሠራልሽም። ዳር ላይ ያለ 28 ሺህ ሆቴል ብትይዢበት ደግሞ 22 ሺው መልስ የለውም። ዝርዝር የለኝም ብሎ ሃምሳ ብርሽን እንደሚያስቀርብሽ ባለሱቅ ነው።

በፖይንት አምስት ሌሊት ለያዘ ሰው ማሪየት የአንዱን ይተዋል። በሰርተፊኬት ግን ይህ የለም። ሰርተፊኬቱ በአብዛኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል። ቦነሱ ገቢ የሚሆነው የተጠየቀውን ወጪ ከጨረስሽ በኋላ ስለሆነ፣ ለጁላይ ከፈለግሽው ካርዱን በአሜሪካው የብርድ ወራት ማውጣት አለብሽ። ከዚያ ከተማው እንደታወቀ ክፍሉን ያዢ። በፖይንትም በሰርተፊኬትም የተያዘ ክፍል በአብዛኛው ቀኑ ሳይደርስ ያለ ቅጣት ይሰረዛል። ቀድሞ መያዝ አያከስርም።

እንደኔ ግን ሰርተፊኬቶቹን ሰው በማይበዛበት ሳምንት ብትጠቀሚባቸው ይሻላል። ለኳሱ ዘመድ ቤት ፍራሽ ይበቃል። እሱም ከጨዋታው አይተናነስም።

ኡበር ነው የምነዳው። ቦነሱን ለማግኘት በሦስት ወር 3,000 ዶላር አውጣ ይሉኛል። አገር ቤት የምልከውን ብርና እቁቤን በካርዱ ባደርገው አይሞላልኝም? (ከአሌክሳንድሪያ)

ወንድሜ፣ አደራህን ሁለቱንም ተው። ሐዋላ በክሬዲት ካርድ ስትልክ ብዙ ባንኮች ጥሬ ገንዘብ እንዳወጣህ ይቆጥሩታል። ለቦነሱ አይያዝልህም፤ ኮሚሽን ይቆረጥብሃል፤ ወለዱም ወር ሳይጠብቅ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ዓመታዊ ክፍያውና ከሌላ ካርድ ያዛወርከው ዕዳም ከ3,000ው አይቆጠሩም። ገዝተህ የመለስከው ዕቃም ይቀነሳል። እቁቡን ደግሞ ሰብሳቢዋ በካርድ እንደማትቀበልህ አንተው ታውቃለህ።

ያንተ ሥራ ግን ለዚህ የተመቸ ነው። ቤንዚን አለ። ጎማ አለ። ሰርቪስ አለ። ዋናው የመኪና ኢንሹራንስ ነው፤ በየወሩ ከምትከፍለው የስድስት ወሩን ባንዴ ብትከፍል ብዙ ጊዜ ቅናሽም አለው። እቁብህ የሚወጣበትን ወር ጠብቅ። ኢንሹራንሱን በካርዱ ክፈል፣ በሳምንቱ የካርዱን ዕዳ በእቁቡ ገንዘብ ክፈለው። ሦስት ወሩ የሚቆጠረው ካርዱ በፖስታ ከደረሰህ ቀን ሳይሆን ማመልከቻህ ከጸደቀ ቀን ነው። በዚህ አሥር ቀን የተበላበት ሰው አውቃለሁ፤ በአርባ ዶላር ጎድሎበት ቦነሱ ቀረ።

ዕዳውን ሳትጨርስ ወር ካለፈ ግን ጨዋታው ፈረሰ። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ወለድ ከ20 በመቶ በላይ ነው። በ24 በመቶ ብናሰላው 3,000 ዶላር ዕዳ በወር 60 ዶላር ወለድ ይወልዳል። ስድስት ወር ካንከባለልከው 360 ደረሰ። ዓመታዊ ክፍያው 95 ከሆነ እሱን ጨምርበት፣ 455። ቦነሱ 450 ዶላር ቢያወጣ ሆቴል ለማደር አምስት ዶላር ከኪስህ ጨምረሃል ማለት ነው። አሁን ያልተዘጋ የካርድ ዕዳ ካለህ መጀመሪያ እሱን ጨርስ። ከዚያ በፊት ስለ ቦነስ ባናወራ ደስ ይለኛል።

እኔና ባለቤቴ አንድ ካርድ ላይ ሁለታችንም እንግባ ወይስ ለየብቻ እናውጣ? (ከአትላንታ)

ለየብቻ፣ እየተጠባበቃችሁ። አንዳችሁ በሌላችሁ ካርድ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ ሆናችሁ ብትገቡ ቦነሱ አንድ ነው። መጀመሪያ አንቺ አውጪ፣ ወጪውን ጨርሱ፣ ከዚያ እሱም ካርዱን እንዲያወጣ አንቺ የባንኩን የመጋበዣ ሊንክ ላኪለት። ባንኩ ለጋባዥ ፖይንት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ሂልተን ላይ የሁለታችሁን ፖይንት በነፃ አንድ ላይ ማጠራቀም ይቻላል።

ሁለት ሕግ ያዙ። የሃያትን ካርድ የሚያወጣው ባንክ፣ ቼዝ፣ በይፋ ባይጽፈውም ባለፉት 24 ወራት አምስት ወይም ከዚያ በላይ አዲስ ካርድ የከፈተን ሰው አይቀበልም። በሰው ካርድ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ መሆንም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። የሂልተንን ካርድ የሚያወጣው አሜሪካን ኤክስፕረስ ደግሞ የአንድን ካርድ ቦነስ ለአንድ ሰው የሚሰጠው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሂልተኑን ካርድ ቦነሱ ዝቅ ባለበት ወር አታውጡት። ከፍ ሲል ብትቆጩ አትመለሱበትም።

በመጪው ዓመት ቤት ልንገዛ ነው። እስከዚያ አንድ ካርድ ባወጣ ይጎዳኛል? (ከዳላስ)

ቤቱን ግዛ። ካርዱ የትም አይሄድም።

ዓመቱ ሞልቶ 95 ዶላሩ መጣብኝ። ቦነሱን በልቻለሁ፣ ልሰርዘው? (ከሲያትል)

ቢያንስ ዓመት መሙላቱ ጥሩ ነው። ቦነስ በልቶ በወራት ውስጥ የሚሰርዝ ሰው ፖይንቱን ሊነጠቅ ይችላል። አሁን ካርዱ በየዓመቱ ነፃ ሌሊት ይሰጥ እንደሆነ እዪ። የሃያቱ ካርድ ከምድብ 1 እስከ 4 ባለ ሆቴል (በፖይንት ዋጋቸው ዝቅ ያሉት ናቸው) አንድ ሌሊት ይሰጣል። ያንን ሌሊት በእርግጥ የምታድሪበት ከሆነ 95ቱን ከፍለሽ አቆዪው። «አንድ ቀን እሄድበታለሁ» ከሆነ ግን ሰርዢው።

ይህን የምለው ከራሴ ተምሬ ነው። አንድ ዓመት የነፃ ሌሊት ሰርተፊኬቴን ለጋብቻ በዓላችን ብዬ አስቀመጥኩ። በዓሉ ሲደርስ ትንሿ ልጃችን ትኩሳት ያዛት። ለገና አልኩ። ለገና እንግዳ መጣ። ጥር ላይ ክፍሉን ልይዝ አፑን ስከፍት ሰርተፊኬቱ ከሦስት ቀን በፊት አልፎበታል። ደወልኩ፣ ለመንኩ። የመለሰችልኝ ልጅ ከልቧ አዘነችልኝ። ሌሊቱን ግን አልሰጠችኝም። ባለቤቴ አሁንም ሆቴል በተነሳ ቁጥር ቀና ብላ ታየኛለች። ያን ዓመት 95 ዶላር ከፍዬ ያገኘሁት ይህን ነው።

ቦነሱ ታክስ አለበት? (ከሚኒያፖሊስ)

ገንዘብ አውጥተህ ያገኘኸው የካርድ ቦነስ እንደ ቅናሽ ስለሚታይ በአብዛኛው ለግል ካርድ ታክስ የለበትም። የባንክ ሂሳብ ስለከፈትክ ብቻ የሚሰጥህ ቦነስ ግን እንደ ወለድ ገቢ ነው፤ እሱን ታሳውቃለህ።

ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ፖይንቴን የት ላውለው? ሸራተን፣ ሂልተን ወይስ ሃያት? (ከሳን ሆዜ)

መጀመሪያ የማን ፖይንት እንዳለህ እይ። ሸራተን በማሪየት ሥር ስለሆነ የሚቀበለው የማሪየትን ነው። ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያው ያለው ሂልተን የሂልተንን፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ሃያት ሪጀንሲ የሃያትን። አንዱ የሌላውን አይነካም። ሒሳቡ ያው ነው፤ የቀኑን የዶላር ዋጋ ለፖይንቱ አካፍል።

ግን ልጠይቅህ። ስንት ዓመት ቆይተህ ነው የምትገባው? ከኤርፖርት ቀጥታ ሆቴል ብትገባ እናትህ ምን ይሰማታል? ፖይንቱ ባይኖርህ ለሆቴል ልትከፍል ነበር? አልነበረም። ክፍልህ ተነጥፎ፣ ዶሮው ተሠርቶ ይጠብቅሃል። ስለዚህ በኔ ስሌት ያንተ ሌሊት ዋጋ ዜሮ ዶላር ነው። የሙሽሮቹ ግን አይደለም። የሠርጉ ማታ ለሚያድሩበት ክፍል አንድ ሰው መክፈሉ አይቀርም። ቀድመህ ሆቴሉ ጋ ደውለህ በነሱ ስም መያዝ ይቻል እንደሆነ ጠይቅ፣ ስጦታህ ይሁን። ሻንጣህን እናትህ ቤት አውርድ።