መልስ፦ የባለቀዳዳ ሲሊከን ብርሃን ለምን ወደ ቀይ ይለወጣል?
ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የሠራኸው ባለቀዳዳ ሲሊከን (አሲድ በልቶት በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሲሊከን) በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር መጀመሪያ አረንጓዴ አብርቶ፣ ውሎ አድሮ ለምን እንደቀላና እንደደበዘዘ ጠይቀሃል። ነገሩ ያለው ገጹ ላይ ነው። ቀዳዳውን ካበጀለት ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ እንደወጣ ገጹን ሃይድሮጅን ይሸፍነዋል፤ አየር ሲያገኘው ግን ኦክስጅን ይገባበታል። በቀዳዳዎቹ መካከል የቀሩት የሲሊከን ቅንጣቶች ከ3 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ካነሱ፣ የሲሊከንና የኦክስጅን ትስስር ኤሌክትሮኑን ዝቅ ባለ የኃይል ደረጃ ያጠምደዋል፤ ኃይሉ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቀይ ያደላልና መቅላቱ ከዚህ ነው።

መደብዘዙ ሌላ ነው። ጥንዱን ያጣ የሲሊከን ትስስር ኤሌክትሮኑን ይዞ ኃይሉን ሙቀት አድርጎ ያስቀረዋል። ለአንድ ቅንጣት አንዲት እንዲህ ያለች ጉድለት ትበቃለች!

የጣና ዳር ክረምት እርጥብ ስለሆነ ናሙናውን ናይትሮጅን በተሞላ ዕቃ አሽገህ አስቀምጥ። ደግሞ አደራ፣ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ስትጠቀም የአሲዱን ቃጠሎ ለማከም የሚያገለግለው የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት ከአጠገብህ አይጥፋ።