ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ትራማዶል ሁለት ዓመት ወሰድኩ፤ ወገቤ ግን አልተሻለውም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ58 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ወገቤን ካመመኝ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ህመሙ በቀኝ መቀመጫዬ ወርዶ እስከ ባቴ ድረስ ይነዝረኛል። ኤምአርአይ ተነስቼ ዲስክ ተንሸራቷል ተባልኩ፤ ኦፕሬሽን ግን አያስፈልግሽም አሉኝ። ትራማዶል 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ታዞልኝ ጀመርኩ፤ አሁን በቀን አራት ፍሬ ደርሻለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሲብስብኝ ዳይክሎፌናክ እጨምርበታለሁ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለእንቅልፍ ደግሞ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን 25 እወስዳለሁ። አንድ ቀን ትራማዶሉ አልቆብኝ ሳልወስድ ብውል ላብ፣ ብርድ ብርድ ማለትና ጭንቀት ያዘኝ። ሱሰኛ ሆኛለሁ ማለት ነው? ከሜሪላንድ የመጣችው እህቴ የተረፋትን ኦክሲኮዶን ትታልኝ ሄዳለች። እሱን ብወስድ ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ በእህትዎ ኦክሲኮዶን ልጀምር፤ ዛሬ ማታ ሊወስዱት ይችላሉና። እባክዎ አይውሰዱት። ኦክሲኮዶንም ትራማዶልም እነ ሞርፊንና ኮዴይን ያሉበት፣ ኦፒዮይድ የሚባለው የማስታገሻ ወገን ናቸው፤ አንዱን በሌላው ላይ መጨመር መጠኑን መደራረብ ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ስሌት፣ እርስዎ በቀን የሚወስዱት 200 ሚሊ ግራም ትራማዶል ከ40 ሚሊ ግራም ሞርፊን ጋር ይቀራረባል። ባለ 10 ሚሊ ግራም ኦክሲኮዶን አንዷ ፍሬ ብቻ 15 ሚሊ ግራም ሞርፊን ታህላለች። አንዷን ሲደርቡ 55 ገቡ ማለት ነው፤ መመሪያው ደግሞ ሐኪሞች በቀን 50 ሊደርሱ ሲሉ ጥቅምና ጉዳቱን እንደገና እንዲመዝኑ ይመክራል። በዚያ ላይ አሚትሪፕቲሊን አለ፤ እሱም ያፈዛል። ሰው በእንቅልፉ ሳለ ትንፋሹ እየዘገየ የሚቆመው እንዲህ ባለ ድርርብ ነው። ፍሬዎቹ ቀስ ብለው ለ12 ሰዓት እንዲሠሩ የተዘጋጁ ከሆነ አደጋው ይከፋል፤ ተሰብረው ወይም ተፈጭተው ከተዋጡ የግማሽ ቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ዛሬውኑ ቆልፉበት፤ ከዚያ ወደ ፋርማሲ ወስደው እንዲያስወግዱልዎ ይስጡ።

ሱሰኛ ሆኛለሁ ወይ ላሉት፣ ከጻፉልኝ ተነስቼ እንደዚያ ለማለት ምክንያት አላየሁም። ላቡ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና ጭንቀቱ ሰውነትዎ መድኃኒቱን መልመዱን ያሳያሉ፤ ኦፒዮይድን ለወራት በየቀኑ የወሰደ ማንም ሰው ይህ ይደርስበታል። ሱስ የምንለው ሰውየው እየተጎዳ እያወቀ ማቆም ሲያቅተው፣ ለህመም ሳይሆን ለስሜቱ ብሎ ሲወስድ፣ ከታዘዘለት በላይ ለማግኘት ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር፣ ለቤተሰቡ ሲደብቅ ነው። ከነዚህ አንዱ እንኳ ካለብዎ ለሐኪምዎ በግልጽ ይንገሩ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ሕክምና አለው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፤ መጠኑ እጥፍ ሆኖ ህመሙ ያው መሆኑ።

ኦፒዮይድ ለድንገተኛ ከባድ ህመም፣ ለምሳሌ ለአጥንት ስብራት ወይም ከኦፕሬሽን በኋላ ላሉት ጥቂት ቀናት፣ ትልቅ ረዳት ነው። ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የወገብና የመገጣጠሚያ ህመም ግን ያን ያህል አይደለም። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ሥር የሰደደ የወገብ ወይም የጉልበትና የዳሌ ህመም ያለባቸው 240 የቀድሞ ወታደሮች በዕጣ ተከፍለው ለአንድ ዓመት ታክመው ነበር። ገሚሶቹ እንደ ሞርፊንና ኦክሲኮዶን ያሉ ኦፒዮይዶች፣ ገሚሶቹ ፓራሲታሞል፣ የዳይክሎፌናክ ዓይነት ማስታገሻና የነርቭ ህመም መድኃኒቶች ተሰጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ በመራመድ፣ በመሥራትና በመተኛት ኦፒዮይድ የወሰዱት ምንም ብልጫ አልነበራቸውም። እንዲያውም ህመሙ ትንሽ ቀለል ያለላቸው ሁለተኞቹ ነበሩ፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ የበዛው ግን በኦፒዮይዱ ቡድን ነው። ለእውነት ያህል፣ ከሁለተኛው ቡድን ጥቂቶቹ ሌላው ሁሉ ሳይሠራላቸው ሲቀር በመጨረሻ ትራማዶል ታዞላቸዋል። የትራማዶል ቦታው እንግዲህ እዚያ ነው፤ ሌላው ተሞክሮ ካልሆነ በኋላ፣ በትንሽ መጠን፣ ለሙከራ።

ሙከራ ስል መለኪያ ያለው መሆን አለበት። "ህመምሽ ከአስር ስንት ነው?" ብቻ አይበቃም። ሳይቀመጡ ገበያ ደርሰው ይመለሳሉ? ሌሊቱን ስንቴ ይነቃሉ? እንጀራ ጋግረው መጨረስ ይችላሉ? በአንድ ወር ውስጥ እነዚህ ካልተሻሻሉ መጠኑን መጨመር መልስ አይሆንም፤ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው። ለዚህ ምክንያቱ ሁለት ነው። ሰውነት ስለሚለምደው ያው መጠን ከቀን ወደ ቀን ያንሳል። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የነርቭ ሥርዓቱ ራሱ ለህመም ስስ መሆኑ ነው፤ ቀድሞ የማያም ነገር ማመም ይጀምራል። በሽተኛዋ በሽታዬ ባሰ ብላ ትጨምራለች፤ ጭማሪው ደግሞ መልሶ ህመሙን ይቀሰቅሳል።

ትራማዶል "ቀላሉ ነው" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ አባባል በተለይ አያስተማምንም። ትራማዶል እንደተዋጠ ደካማ ነው፤ ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ-2ዲ-6 የተባለ ኢንዛይም ነው ወደ ጠንካራው ቅርጽ የሚለውጠው። የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ከሰው ሰው ይለያያል፤ ድርብ ቅጂ ይዘው የተወለዱ ሰዎች ለውጡን በጣም ያፋጥኑታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህ ድርብ ቅጂ እንዳላቸው አገኘ፤ በአውሮፓና በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ቁጥሩ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ለጎረቤትዎ ምንም ያላደረጋት አንድ ፍሬ እርስዎን ሊያፈዝ፣ ሊያስመልስና ትንፋሽ ሊያዘገይ ይችላል። ኮዴይንም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለቱንም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የከለከለውና የሚያጠቡ እናቶች እንዳይወስዷቸው ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ከእርስዎ መድኃኒት ለልጅ ልጅ ሳል ወይም ጥርስ ህመም አንድም ፍሬ እንዳይሰጥ።

አሁን ወደ መድኃኒቶችዎ ድርርብ። ትራማዶል ኦፒዮይድ ብቻ ሳይሆን አእምሮ ውስጥ ያለውን ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገርም ያበዛል፤ አሚትሪፕቲሊንም ወደዚያው ይገፋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ድንገት የሚጥል መንቀጥቀጥ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ በቀን 400 ሚሊ ግራም ትራማዶል ሲታለፍ ደግሞ አደጋው ጎልቶ ይወጣል። ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን ቢታዘዝልዎም ችግሩ ይህ ነው፤ እንዲያውም ኢንዛይሙን ስለሚያግድ ትራማዶሉ ማስታገሱን ትቶ ጉዳቱ ብቻ ሊቀር ይችላል። አረቄ፣ ጠጅና ዲያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ ከትራማዶል ጋር ፈጽሞ አይገናኙ።

ዳይክሎፌናኩ ግን ከሁሉ ቀድሞ መቆም ያለበት ነው። ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ዳይክሎፌናክ ሦስቱ ሲገናኙ ወደ ኩላሊት የሚገባው የደም ግፊት ከሁለት በኩል ይወርዳል፤ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም የውኃ ጥም ሲጨመርበት ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ግፊትዎንም ከፍ ያደርገዋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ የኩላሊትን አሠራር የሚያሳዩትን የደም ምርመራዎች፣ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም፣ ይመርመሩ። የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄል ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ለጉልበትና ለእጅ ይሻላል፤ ወገብ ላይ ብዙ አይጠበቅበትም።

ትራማዶሉን በአንድ ቀን አያቁሙ። በእርስዎ ሁኔታ ከሐኪምዎ ጋር ተስማምተው በየአራት ሳምንቱ አንድ ፍሬ፣ ማለትም 50 ሚሊ ግራም፣ መቀነስ ይቻላል፤ ወደ አራት ወር ይወስዳል። መጀመሪያ የቀትሩን ያንሱ፣ ቀጥሎ የማታ መግቢያውን፣ ከዚያ የጠዋቱን፤ የመኝታው መጨረሻ ይሁን። 50 ካስቸገረዎ፣ ኪኒኑ መሐሉ ላይ የመክፈያ መስመር ያለው ዓይነት ከሆነ በግማሽ በግማሽ ይውረዱ፤ ካፕሱልና ቀስ ብሎ የሚሠራው ዓይነት ግን አይከፈሉም። "አንድ ቀን ልውሰድ፣ አንድ ቀን ልተው" ብዙ ሰው የሚሞክረው ዘዴ ነው፤ አይሠራም፤ በየሁለት ቀኑ ያንኑ ላብና ጭንቀት ይጠራል። ምልክቶቹ ከመጨረሻው ፍሬ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ ይጀምራሉ፤ ማዛጋት፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የሆድ ቁርጠት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዴም ድንገተኛ ድንጋጤ። ሲበረቱ ወደ ኋላ አይመለሱ፤ ባሉበት መጠን ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆዩና ይቀጥሉ። በዚህ ጊዜ ደም ግፊት ሊጨምር ስለሚችል በሳምንት ሁለት ጊዜ ይለኩ። ካቆሙ በኋላ ህመም ቢነሳብዎ የድሮዎቹን አራት ፍሬዎች ባንድ ቀን መመለስ አደገኛ ነው፤ ሰውነትዎ ልማዱን አጥቷል።

ሆድ ድርቀትን አልጻፉልኝም፤ ግን አለብዎ ብዬ እገምታለሁ፤ በኦፒዮይድ ላይ አሚትሪፕቲሊን ተጨምሮ ካልደረቀ ይገርመኛል። ኦፒዮይድ አንጀቱን እንዳይንቀሳቀስ ስለሚይዘው ተልባ ብቻውን አይፈታውም፤ ብዙ ውኃ ካልተጠጣበት እንዲያውም ያፍናል። ቢሳኮዲል 5 ሚሊ ግራም ማታ መውሰድ ይረዳል፤ ካልበቃ 10።

በምትኩስ ምን ይደረግ? እግርዎን የሚነዝረው የነርቭ ህመም ስለሆነ አሚትሪፕቲሊኑ ራሱ ትራማዶሉ እየቀነሰ ሲሄድ ሊረዳ ይችላል፤ መጠኑን ሐኪምዎ ይወስን። ፕሪጋባሊን የተባለው የነርቭ ህመም መድኃኒት ይጻፍልኝ እንዳይሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ በተሠራ ጥናት እንደርስዎ ላለ ከወገብ ወደ እግር ለሚወርድ ህመም ከባዶ ኪኒን አልበለጠም፤ ከኦፒዮይድ ጋር ሲሆን ደግሞ ትንፋሽን ያዘገያል። ፊዚዮቴራፒስት ካገኙ ሁለት ሦስት ቀጠሮ እንኳ ይጠቅማል፤ እንቅስቃሴውን ተምረው ቤት ይሠሩታል። በሜዳ መንገድ በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ይራመዱ፤ በየሳምንቱ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ። ሲራመዱ ትንሽ ቢያም ጉዳት አይደለም፤ ህመሙ በማግሥቱ ካልበረደ ግን የጨመሩትን ይቀንሱ። ምጣዱ መሬት ላይ ከሆነ በወገብዎ ልክ ከፍ ያስደርጉት። ቡና ሲያፈሉ በርጩማ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቀመጡ፤ ዝቅ ያለ መቀመጫ ዲስኩ ላይ ያለውን ጫና ያበዛዋል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ካንሰር ያለበት ቤተሰብ ሞርፊንን እንዳይፈራ አደራ እላለሁ። ለካንሰር ህመምና ለሕይወት መጨረሻ ሕክምና ሞርፊን ተተኪ የሌለው መድኃኒት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአፍ በየአራት ሰዓቱ 5 ሚሊ ግራም፣ ለአቅመ ደካማ 2.5 ተጀምሮ ህመሙ እስኪታገስ በሐኪም ትእዛዝ ይጨመራል። "ሱስ ይሆንበታል" ተብሎ በሽተኛ በህመም እንዲሰቃይ መተው ጭካኔ ነው።

በመጨረሻ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄዱባቸው ምልክቶች፦ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃትዎ ወይም ሽንት እምቢ ካለ፣ በጭኖችዎ መሐል ከደነዘዘ፣ እግርዎ እየሰነፈ ከሄደ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ የአከርካሪ ቲቢ መታየት አለበት፤ ጥሬ ወተት የሚጠጡ ከሆነ ብሩሴላ የተባለው ከእንስሳት የሚመጣ ተህዋስ ምርመራም ይጠይቁ። ለቤተሰብዎ ደግሞ፦ ቀስቅሰዋት ካልነቃች፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከአሥር ካነሰ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ወይም ከጣላት፣ በጎኗ አስተኝተው ወዲያው ሆስፒታል ያድርሷት፤ የመድኃኒቶቿንም ፓኬቶች ሁሉ ይዘው ይሂዱ። የኦፒዮይዱን ሥራ የሚቀለብስ ናሎክሶን የተባለ መርፌ አለ፤ ምን እንደወሰደች ሲታወቅ ነው ቶሎ የሚሰጣት።