02:10 ማለት ስንት ሰዓት ነው?

ከሐዋሳ የጻፈልኝ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ዘንድሮ ይመረቃል። የጎረቤቱ ሱቅ ተሰብሮ ክሱ ሲታይ ችሎት ገብቶ ነበር። የካሜራው ምስል ቀረበ፤ የሰውየው ፊት ግን ድብዝዝ ያለ ነው። «ይሄን እኮ እኔ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) በአንድ ማታ አጠራው ነበር» ብሎ አሰበ። አሁን የካሜራ ምስል ለፍርድ ቤት መተንተንን ሙያው ሊያደርገው ይፈልጋል። አባቱ ባንክ ግባ ይሉታል። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው እህቱ ደግሞ እንግሊዝ አገር ማስተርስ ላስተምርህ ብላዋለች። ሕግም ልማር ወይ ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ እኔን ያስቆመችኝ «አጠራው ነበር» ያልካት ነገር ናት። ሌላው ይቆየን።

በኤአይ አጥርተህ የምታወጣው ፊት የሌባው ፊት አይደለም። የሱቅ ካሜራ መቅጃ ሁሉንም ምስል ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም። ቦታ ለመቆጠብ አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል ይይዝና በመሀል የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል፤ እሱንም ጨምቆ። ሩቅ የቆመ ሰው ፊት ወርዱ 12 ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) ብቻ ከሆነ እዚያ ውስጥ አፍንጫ የሚባል ነገር የለም። ኤአዩ አፍንጫ ካወጣልህ ያመጣው ከሠለጠነባቸው የሌሎች ሰዎች ፊት ነው። ለቲክቶክ ምንም አይደለም። ሰው ለማሰር ግን?

አሜሪካ ውስጥ ይህ ነገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 በዋሽንግተን ግዛት፣ ኪንግ ካውንቲ፣ በአንድ የግድያ ክስ ላይ ተከላካዮቹ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ በኤአይ አሳምረው አቀረቡ። አዲሱ ቪዲዮ ከዋናው 16 እጥፍ ያህል ፒክስል ነበረው። ያ ሁሉ ከየት መጣ? ያዘጋጀው ሰው የቪዲዮ ቅንብር ልምድ እንጂ የፎረንሲክ፣ ማለትም ለፍርድ ቤት ማስረጃ የመመርመር፣ ሥልጠና አልነበረውም። ዳኛው ዘዴው በሙያው ተቀባይነት የለውም ብለው አልቀበልም አሉ። አንተም አሁን ባለህበት ብትቀርብ የሚገጥምህ ይኸው ነው።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ስምንት ዓመት የአንድ ባንክ ካሜራ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አንድ ሌሊት ቅርንጫፍ ግቢ ውስጥ ስርቆት ተፈጸመ። ቀረጻውን አውጥቼ በፍላሽ ለፖሊስ ሰጠሁ። ወረቀቱ ላይ «ሰዓት 02:10» ብዬ ጻፍኩ፤ ስክሪኑ ላይ ያየሁትን። ክሱ ላይ «ከምሽቱ 2:10» ሆኖ ተጻፈ። መቅጃው ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 02:10 ማለት ከሌሊቱ 8:10 ነው። ተከሳሹ ደግሞ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ሠርግ ቤት እንደነበር የሚመሰክሩለት ሰዎች አሉት። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ጠበቃው ተነሡና «የመቅጃውን ሰዓት ያመሳከሩት ከምን ጋር ነው?» አሉኝ።

ከምንም። ላብ በላብ ሆኜ ወረድኩ። በኋላ ሄጄ ሳየው ሰዓቱ በዚያ ላይ 17 ደቂቃ ይቀድማል። ሰውየው ሰርቆ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ላፕቶፕህ ላይ አይደለም፤ መቅጃው ያለበት ቦታ ሄደህ ነው። ቶሎ መሄድ አለብህ፤ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌው ላይ ይጽፍበታል። ምንም ሳትነካ ሰዓቱን ከስልክህ ሰዓት ጋር ጎን ለጎን ፎቶ ታነሳለህ። ከቻይና እንደመጣ በቤጂንግ ሰዓት የተተወ መቅጃም አይቻለሁ፤ ከእኛ አምስት ሰዓት ይቀድማል። ቀረጻውን መቅጃው በሚሠራበት በራሱ ፎርማት ታወጣለህ። ስክሪኑን በስልክ መቅረጽ፣ በዋትስአፕ መላክ የለም፤ እንደገና ይጨመቅብሃል። ከዚያ ፋይሉን ሻ-256 (SHA-256) በሚባለው ስሌት ሃሽ ታደርገዋለህ። የሚወጣው ባለ 64 ምልክት ቁጥር የፋይሉ አሻራ በለው፤ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። ዋናውን ታሽገህ ቅጂው ላይ ትሠራለህ። ብርሃን መጨመር፣ ንፅፅር (የብሩሁንና የጨለማውን ልዩነት) ማስተካከል፣ ተከታታይ ምስሎችን ደርቦ ጫጫታውን (ምስሉ ላይ የሚበተነውን ነጠብጣብ) መቀነስ ይቻላል፤ ሌላ ባለሙያ ደግሞ ሠርቶ ያንኑ እንዲያገኝ እያንዳንዷን እርምጃ ከጻፍካት።

ይሄ ሁሉ ይለመዳል። የሚከብደው መርማሪው ደጋግሞ እየደወለ፣ የተበዳይ እናት ኮሪደር ላይ እያለቀሰች «ከዚህ ምስል ማንነቱ አይለይም» ብሎ መጻፍ ነው። ያን መጻፍ የሚችል ሰው ከሆንክ ወደዚህ ሥራ ና።

ስለ እህትህ በግልጽ ልንገርህ። የምትከፍልልህ የሰው ቤት ጽዳት ገንዘብ ነው። አንድ ቀን እንኳ መቅጃ ከፍተህ ሳታይ፣ የእንግሊዝን ፍርድ ቤት አሠራር ለመማር የእሷን የዓመታት ጉልበት መብላት ነውር ነው። እሺ ብላለች ማለት መክፈል አለባት ማለት አይደለም። ማስተርሱ ሦስት ዓመት ሠርተህ፣ የጎደለህን ስታውቀው ይደርሳል፤ ያኔም ራስህ ክፈል።

አባትህ ባንክ ግባ ካሉህ ደግሞ ለምን አትገባም? ካውንተር ላይ ሳይሆን ካሜራና ኔትወርኩን የሚይዘው ክፍል ጠይቅ። በመቶ የሚቆጠር ካሜራ በነጻ የምትማርበት ሌላ ቦታ አላውቅም። «የካሜራ ምስል ተንታኝ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አገራችን ውስጥ አይቼ አላውቅምና አትጠብቀው። ከዚያ ወደ ፖሊስ ፎረንሲክ ማየት ትችላለህ፤ ኢንሹራንስም አለ።

ሕግ ዲግሪ አያስፈልግህም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ላይ ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ የሚለውን ክፍል ቁጭ ብለህ አንብብ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

እስከዚያው ጎረቤትህ ጋ ሂድ። ሱቁ መቼም አዲስ ካሜራ አስገብቶ ይሆናል። ሰዓቱን ከስልክህ ጋር አስተያይና ልዩነቱን ጻፍልኝ።