«መኪናም ነዳጅ ይጠጣል»፦ ሕይወት ስላላቸውና ስለሌላቸው ነገሮች የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ «መኪና ይሄዳል፣ ነዳጅም ይጠጣል፣ ስለዚህ ሕይወት አለው» ይላል። ምን ልበለው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጎበዝ ይበሉት፤ ምክንያት አቅርቧል። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ልጆችን ሲጠይቅ ያገኘው መልስም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ትንንሾቹ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ፣ ፀሐይንና ደመናን ሳይቀር፣ ሕያው ነው ይሉት ነበር። ስሕተቱን ብዙ ጊዜ የምናባብሰው እኛው ነን፤ «ሕይወት ያለው ነገር ይንቀሳቀሳል» ብለን በአንድ ምልክት ብቻ ስናስተምር ልጁ መኪናን ያስገባል፣ ዛፍን ያስወጣል።

ሦስት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ያቅርቡለት። ትንሽ ሆኖ ጀምሮ አደገ? ምግብና ውሃ ቢያጣ ይሞታል? መሰሉን ይተካል? ትንሽ መኪና ውሎ አድሮ ትልቅ መኪና አይሆንም። ነዳጁ አልቆበት ወር ቢቆም፣ ሲሞሉለት ይነሳል፤ ወር ሙሉ ውሃ ያጣ ለጋ ችግኝ ግን ከደረቀ በኋላ ቢያጠጡት አይመለስም። ልጁ ትክክል ሲመልስም ሲሳሳትም «እንዴት አወቅህ?» ይበሉት።

ጥያቄ፦ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ልጆቹ ድመትንና ዶሮን ወዲያው ይለያሉ፤ ዛፍ ሕይወት አለው ስላቸው ግን አያምኑኝም።

መልስ፦ አንዱ ምክንያት አነጋገራችን ነው። ድመቷ «ሞተች» እንላለን፤ ዛፉ ግን «ደረቀ»። ልብስም ይደርቃል፤ ታዲያ ልጁ ዛፍ እንደሚሞት ከየት ይስማ? ከዛሬ ጀምሮ «ይህ ተክል ሞቷል»፣ «ይህ ውሃ ጠምቶታል» ይበሏቸው።

ሁለተኛው መፍትሔ ማሳየት ነው። 4 የቦሎቄ ፍሬዎችን ውሃ ውስጥ ያሳድሩ። ግልጽ ብርጭቆ በእርጥብ ጥጥ ይሙሉና ፍሬዎቹን በጥጡና በብርጭቆው መካከል፣ ከውጭ እንዲታዩ አድርገው ይሰኩ። በመጠን የሚመሳሰሉ 4 ጠጠሮችም አጠገባቸው ያስገቡ። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ሥር ብቅ ይላል፤ ግንዱና ቅጠሉ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ ይከተላሉ። ልጆቹ በየጠዋቱ ያዩትን ይሣሉ። ሥሩ ጣት የሚያህል ሲሆን ትርፉን ውሃ ደፍተው ብርጭቆውን በጎኑ ያስተኙት፤ በማግሥቱ የሥሩ ጫፍ ወደ መሬት ታጥፎ ያገኙታል። ይህን ያየ ልጅ «ተክል አይንቀሳቀስም» ብሎ አይከራከርም። ያኔ «ጠጠሩም እርጥብ ጥጥ ውስጥ ነበር፤ ለምን አላደገም?» ብለው ይጠይቁ።

ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው ውሃ ሲበዛ ነው፤ ፍሬው አየር ያጣና ይበሰብሳል። ጥጡ እርጥብ ይሁን እንጂ ፍሬው ውሃ ውስጥ አይቀመጥ። 4 ፍሬ ያልነውም አንዳንዱ ሳይበቅል ስለሚቀር ነው። ጥሬ ቦሎቄ ከተበላ ሆድ ያማል፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥም ይገባልና ቆጥረው ሰጥተው ቆጥረው ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ የእንጨት ወንበር፣ የረገፈ ቅጠልና ደረቅ ፍሬ የት ይመደባሉ?

መልስ፦ ሁለት ሳጥን ስለማይበቃ ሦስት ያድርጉ፦ ሕይወት ያለው፣ ሕይወት የነበረው፣ ኖሮትም የማያውቅ። ወንበሩ፣ ቅጠሉ፣ የቆዳ ጫማው ሁለተኛው ውስጥ ይገባሉ፤ ድንጋይና ውሃ ሦስተኛው ውስጥ። ደረቅ ፍሬ ግን የሞተ ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ ሕያው ነው፤ ውሃና ሙቀት ነው የሚጠብቀው። ለማሳየት አንዱን ፍሬ 20 ደቂቃ ቀቅለው ካልተቀቀለው ጋር ያስቀምጡ። የተቀቀለው አይበቅልም። ሆኖም ከቀናት በኋላ ጠጉር መሳይ ሻጋታ ሊያወጣ ይችላል፤ ልጆቹም «አደገ!» ብለው ይጮኻሉ። ያደገው ፍሬው ሳይሆን ሻጋታው መሆኑን፣ ሻጋታም ራሱ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ይንገሯቸው። ዕቃውን ክዳን ይግጠሙለት፤ ሻጋታ ካወጣ በኋላ አይክፈቱት።

ጥያቄ፦ እሳትስ? እንጨት ይበላል፣ ያድጋል፣ አየርም ይፈልጋል።

መልስ፦ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ለመጀመሪያው ትምህርት ባያነሡት ይሻላል። ልጁ ራሱ ካነሣው፣ እሳት እንጨቱና አየሩ ወደ ጭስና አመድ ሲለወጡ የምናየው ብርሃንና ሙቀት እንደሆነ ይንገሩት። ጠፍቶ እንደገና ይለኮሳል፤ የሞተ ነገር ግን ተመልሶ ሕያው አይሆንም። ሕያዋን ሁሉ ከሕዋስ የተሠሩ መሆናቸው ከፍ ሲል የሚማረው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የዶሮ ሥዕል ያለበትን ካርድ «ሕይወት የለውም» ከሚለው ሳጥን ጨመረችው። ላርማት?

መልስ፦ አያርሟት፤ ካርዱ ወረቀት ነውና ትክክል ናት። መጀመሪያ «የምንጠይቀው ስለ እውነተኛዋ ዶሮ ነው» ብለው ይስማሙ። የአሻንጉሊትም ነገር እንዲሁ ነው። ካርዶቹ ከ8 አይብለጡ፤ ሁለቱ አጠራጣሪ ይሁኑ፣ ለምሳሌ እንጉዳይና ደመና። ምክንያቷን በደንብ የሚሰሙት እነዚህ ላይ ስትደርስ ነው።