ልጄን የክፍል ጓደኞቹ ያንገላቱታል፤ ትምህርት ቤቱ በሕግ ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ላለፉት አምስት ወራት ሦስት የክፍሉ ልጆች የሚጠላውን ቅጽል ስም አውጥተውለት በየቀኑ ይጠሩታል፣ ቦርሳውን ይደብቁበታል፣ በእረፍት ሰዓትም ማንም አብሮት እንዳይጫወት ያደርጋሉ። በቅርቡ ደግሞ ፎቶውን ከመሳለቂያ ጽሑፍ ጋር በቴሌግራም ግሩፕ ለቀቁት። ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ እያለ ያለቅሳል፤ ሐኪም ግን ምንም በሽታ አላገኘበትም። የክፍል ኃላፊ መምህሩን ሁለት ጊዜ ሄጄ ባነጋግራቸው «ልጆች ናቸው፣ ነገ ይረሱታል» አሉኝ። ርእሰ መምህሩ ደግሞ ልጄን ወደ ሌላ ክፍል እናዛውረው ይላሉ። ልጄ አልቆሰለም፣ አልተሰበረም። ይህ በሕግ ፊት ጉዳት ይባላል? ትምህርት ቤቱንስ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ የሚኖሩበትን አገር በደብዳቤዎ ስላልገለጹ መልሴ በብዙ አገሮች የሕግ ሥርዓት በጋራ በሚሠራባቸው መርሆች ላይ የተመሠረተ ነው። ወደ ክስ የሚያመሩ ከሆነ ግን የአገሩን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሰነዶችዎን ማየት ይኖርበታል።

«አልቆሰለም፣ አልተሰበረም» ያሉትን ላስቀድም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1989 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 19 ልጅ ከአካላዊም ሆነ ከአእምሯዊ ጥቃት እንዲጠበቅ ያዛል፤ ይህ ጥበቃ በወላጅ እጅ ባለበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ተንከባካቢ ሥር በሚሆንበት ጊዜም የሚጸና ነው። የኮንቬንሽኑን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴም በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው 13ኛ አጠቃላይ ትንታኔ፣ ልጆች በሌሎች ልጆች ላይ የሚፈጽሙትን ሥነ ልቦናዊ ማንገላታት፣ በስልክና በኢንተርኔት የሚደረገውን ጨምሮ፣ ከአእምሯዊ ጥቃት ዓይነቶች መካከል በግልጽ መድቦታል። ስለዚህ ደም አለመፍሰሱ ጥያቄዎን ውድቅ አያደርገውም፤ ከባድ የሚያደርገው የማስረጃውን ሥራ ነው።

የልጅዎን የሆድ ሕመም በተመለከተ፣ ሐኪም በሽታ አላገኘም ማለት ልጁ አስመስሏል ማለት አይደለም። የማያቋርጥ ፍርሃት ያለበት ልጅ ጭንቀቱን በቃል ለመናገር ሲቸግረው ሰውነቱ በሆድና በራስ ሕመም፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በምግብ ፍላጎት መቀነስ መናገሩ በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው። ነገሩ ሲቆይ ትኩረት ይበተናል፣ ውጤት ይወርዳል፣ ልጁ ጥፋቱን በራሱ ላይ ማየት ይጀምራል፤ ድባቴና ራስን የመጉዳት ሐሳብም ሊከተሉ ይችላሉ። ልጅዎ መሞትን ወይም መጥፋትን የሚመለከት ቃል ከተናገረ የሕጉን ጉዳይ አቆይተው በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት። እንዲህ ያለ ቃል ባይናገርም ባለሙያ እንዲያየው አሳስባለሁ፤ ለራሱ ለልጁ ይበጃል፣ በጽሑፍ የሚሰጠው የምርመራ ውጤትም ከችግሩ በፊትና በኋላ ካሉት የውጤት ካርዶችና የቀሪ መዝገቦች ጋር ሲቀርብ ጉዳቱን ከድርጊቱ ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ ይሆናል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ። ጉልበተኝነትን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያጠናው ዳን ኦልቬውስ ከተራ የልጆች ጠብ የሚለየው በሦስት ነገሮች እንደሆነ አስቀምጧል፤ ሆነ ተብሎ መፈጸሙ፣ መደጋገሙና የኃይል ሚዛን መዛባቱ። ሦስት ልጆች በአንድ ልጅ ላይ አምስት ወር ሙሉ ያደረጉት ሦስቱንም ያሟላል፤ «ልጆች ናቸው» የሚለው መልስም እዚህ ላይ አይሠራም። ጃፓን በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ደግሞ ከዚህ አልፎ የሚመዝነው ድርጊቱ የደረሰበት ልጅ የአካል ወይም የአእምሮ ሥቃይ ተሰምቶታል ወይ በሚለው ነው፤ የአድራጊዎቹ «ስንጫወት ነው» ማለት ነገሩን አይዘጋውም።

ይሁንና ሕግ ትምህርት ቤትን የሚጠይቀው ልጆች ክፉ ስለሠሩ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት በአደራ የተቀበለውን ልጅ በተገቢ ጥንቃቄ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ክርክሩም ብዙውን ጊዜ የሚያጠነጥነው ያውቅ ነበር ወይ፣ ካወቀ በኋላስ ምን አደረገ በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 እ.ኤ.አ. አንዲት እናት ስለ አምስተኛ ክፍል ልጇ ባቀረበችው የጾታዊ ትንኮሳ ጉዳይ፣ ተማሪ በተማሪ ላይ ለሚፈጽመው ከባድ ትንኮሳ የትምህርት አስተዳደሩ ሊጠየቅ የሚችለው እያወቀ በቸልታ ካለፈው እንደሆነ በ5 ለ4 ድምፅ ወስኗል። መለኪያው ከአገር አገር ይለያያል፤ «ማወቅ» ግን በየትም ቦታ ክብደት አለው።

የእርስዎም ጉዳይ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው። መምህሩን ሁለት ጊዜ ያነጋገሩት በቃል ስለሆነ ነገ «አልሰማሁም» ቢባሉ ምን ያቀርባሉ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። በዚህ ሳምንት ለርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ድርጊቶቹን በቀንና በቦታ ይዘርዝሩ፣ መምህሩን ያነጋገሩባቸውን ቀናትና የተሰጠዎትን መልስ ያስፍሩ፣ ትምህርት ቤቱ ምን እርምጃ እንደሚወስድ በተወሰነ ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎ ይጠይቁ። ቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ማስፈረም አይርሱ። የቴሌግራሙን ፎቶ ከላኪው ስምና ከሰዓቱ ጋር ስክሪንሹት አድርገው ያስቀምጡ፤ ለማንም አያስተላልፉት። ልጁን ማስረጃ እንዲሰበስብ አይላኩት፣ ታሪኩንም ለመጣው ሁሉ ደጋግሞ እንዲናገር አያድርጉት።

ክፍል የማዛወሩ ሐሳብ፣ በእኔ እይታ፣ የተበደለውን ልጅ ከቦታው የሚያነሣና በዳዮቹን ባሉበት የሚተው ነው። ልጅዎ ራሱ ከፈለገው ግን አይቃወሙት፤ ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 12 በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲሰማ መብት ሰጥቶታል። ዝውውሩን ቢቀበሉም በሦስቱ ልጆች ላይ የሚወሰደውን እርምጃ እንደማይተካ በደብዳቤው ላይ ይግለጹ።

ሦስቱ ልጆች በዕድሜያቸው ምክንያት በብዙ አገሮች በወንጀል አይጠየቁም፤ ወላጆቻቸው ግን ለልጆቻቸው ድርጊት በፍትሐ ብሔር ሊጠየቁ የሚችሉበት ሕግ ያላቸው አገሮች ጥቂት አይደሉም። እኔ በዚህ አልጀምርም፤ ልጆቹን ራስዎ በመንገድ አስቁመው መቆጣትዎ ደግሞ ከሳሽነትዎን ወደ ተከሳሽነት ሊለውጠው ይችላል።

ትምህርት ቤቱ በቀጠሩት ቀን መልስ ካልሰጠ ወይም የሰጠው መልስ ድርጊቱን ካላስቆመ፣ ደብዳቤውን አያይዘው ትምህርት ቤቱን ለሚቆጣጠረው የትምህርት መሥሪያ ቤት አቤት ይበሉ። የካሳ ክስን በተመለከተ ግን የይርጋ ጊዜውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለምሳሌ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 ከውል ውጪ ለሆነ ኃላፊነት የሚቀርበው የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ለትምህርት መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብዎም ይህን ጊዜ ያቆምልኛል ብለው አይዘናጉ።