ቡታጋዝ፣ ጧፍና እምቦጭ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ፣ ጠያቂዎቹ ሳይመካከሩ፣ አንድ ቤተሰብ ላይ አረፉ፦ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩት አልኬኖች።

«መምህራችን አልኬን ከሌላ ነገር ጋር በቀላሉ አይዋሃድም ይላሉ። ታዲያ ቡታጋዝ ለምን ይፈነዳል?» (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ አዘዞ)

መምህርህ ልክ ናቸው። የአልኬኖች የድሮ ስም ፓራፊን ሲሆን፣ በላቲን «ዝምድና የጎደለው» እንደ ማለት ነው። አሲድ ብታፈስበት ንቅንቅ አይልም። ክሎሪን እንኳ በጨለማ ከሜቴን (እሱም አልኬን ነው) ጋር ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ብርሃን ሲያገኝ ግን የሃይድሮጅኑን ቦታ ይቀማል። እሳትም እንዲሁ ነው። የክብሪቱ ሙቀት የመጀመሪያዎቹን ቦንዶች፣ ማለትም አተሞቹን ያያያዙትን ማሰሪያዎች፣ ይበጥሳል፤ ከዚያ የሚወጣው ሙቀት ቀጣዮቹን ይበጥሳል። በቡታጋዝ ውስጥ ያለው አልኬን፣ ቡቴን፣ በአየር ውስጥ ከ2 በመቶ ገደማ ካነሰ አይቀጣጠልም፤ ከ8 በመቶ ገደማ ካለፈም አየሩ ስለማይበቃው አይቀጣጠልም። አደጋው በመካከሉ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሽታ ከመጣ የመብራት ማብሪያ ሳትነካ በርና መስኮት ክፈት። (ጋዙ ራሱ ሽታ የለውም፤ የሚከረፋው ነገር እንዲያስጠነቅቀን ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው።)

«የቡታጋዜ እሳት ቢጫ ሆነ፣ ድስቱም ጠቆረብኝ። ጋዙ ተበርዞ ይሆን?» (የቤት እመቤት፣ ማራኪ)

እትዬ፣ ሻጩን ከመርገምዎ በፊት ምድጃውን ይዩት። ባለፈው ክረምት እኔ ቤትም እሳቱ ቢጫ ሆኖ ሰነበተ። በመርፌ ስጠቀጥቀው ከየቀዳዳው የደረቀ የሽሮ ቅርፊት ወጣ፤ አንድ ቀን የገነፈለ ነው። ካጸዳሁት በኋላ እሳቱ ሰማያዊ ሆነ።

ነገሩ የአየር ጉዳይ ነው። ሁለት ሞለኪውል ቡቴን ጨርሶ ለመቃጠል 13 ሞለኪውል ኦክስጅን ይፈልጋል። ካልደረሰው ካርቦኑ ጥቀርሻ ሆኖ ድስቱ ላይ ይለጠፋል። ጥቀርሻውስ ይታጠባል፤ የሚያስፈራኝ አብሮት የሚወጣው፣ የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ደማችንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየራችን በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩ ሰዎች አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ብርዱ ይግባል ብለው መስኮቱን አይድፈኑት፣ ገርበብ ያድርጉት።

«የቤተ ክርስቲያን ጧፍና የሱቅ ሻማ ሰማቸው አንድ ነው?» (አንባቢ፣ አራዳ)

አይደለም። የሱቁ ሻማ አብዛኛውን ጊዜ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ፣ በአንድ ሞለኪውል ከ20 በላይ ካርቦን የደረደረ አልኬን ነው። ጧፍ የሚነከርበት የንብ ሰም በብዛት ኤስተር (ከአሲድና ከአልኮል የሚገኝ፣ ኦክስጅንም ያለበት ውህድ) ነው፤ አልኬንም አለበት፣ ግን ጥቂት። በቅኔ አገር ሰም የሚናቀው ለወርቁ ሲባል ነበር፤ ኬሚስት ቢጠየቅ ሰሙን ይመርጥ ነበር።

«ከጣና የሚወጣውን እምቦጭ ባዮጋዝ ብናደርገው ይሻላል ወይስ ክምሩ ይበስብስ? ጋዙስ አየር አይበክልም?» (አርሶ አደር፣ ጎርጎራ አካባቢ)

ያድርጉት እንጂ! እምቦጭ አየር በሌለበት ሲበሰብስ ረቂቅ ተሕዋስያን ከሁሉም የቀለለውን አልኬን፣ ሜቴንን ይሠራሉ። ውሃ ዳር የተከመረ እርጥብ እምቦጭም ውስጡ አየር ስላጣ ይህንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ጋዙ በከንቱ ማምለጡ ነው። አንድ ኪሎ ሜቴን እንዲሁ ካመለጠ በ100 ዓመት ስሌት ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከ28 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። ምድጃ ላይ ከነደደ ግን የሚወጣው 2.75 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ነው፤ ያንንም ተክሉ በቅርቡ ከአየር የወሰደው ነው። የቡታጋዝ ካርቦን ግን ከምድር ሆድ ተቆፍሮ የወጣ ስለሆነ በአየሩ ላይ አዲስ ጭማሪ ነው።

እምቦጭ ከአሥር እጁ ከዘጠኝ በላዩ ውሃ ነው። ከትፈው፣ ጠውለግ ሲል ከእበት ጋር ቢያደባልቁት ይሻላል። ከሚወጣው ጋዝ ከግማሽ በላዩ ሜቴን ይሆናል። ቧንቧው ወይም ክዳኑ የሚያፈስ ከሆነ ግን ልፋትዎ ሁሉ የሜቴን ማምለጫ መሥራት ሆነ። በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውሃ ይቀቡና ይዩ፤ አረፋ ከተነፋ ቀዳዳው እዚያ ነው። በክብሪት ግን አይፈልጉት።